አልፏል ማለት ያውቃል ማለት ነው?

ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ሁለት ሰዓት ወረፋ የያዘ ሰው ሁለት ነገር ይፈራል። አንዱ ብርዱ ነው። ሌላው «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ነው። ብርዱን ጋቢ ይመክተዋል። ሲስተም የለምን የሚመክት ጋቢ ግን እስካሁን አልተሸመነም።

ባለፈው ክረምት አንድ ቢሮ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። የቢሮውን ስም ተዉት። ሃያ ያህል ኮምፒውተር አለው። ግማሹ ኢንተርኔት ያገኛል፣ ግማሹ አያገኝም። እኔ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ወረፋ ላይ ነበርኩ። የኔትወርክ ሙያ ሰው ብሆንም፣ ሳልጠራ የሰው ሥራ ውስጥ ጥልቅ አልልም። ለጥገና የተጠራው ደግሞ የሰፈሬ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሲሲኤንኤ የተባለውን፣ የኔትወርክ ዕቃ አምራቹ ሲስኮ የሚሰጠውን የሙያ ፈተና ካለፈ ገና ሦስት ወሩ ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር።

ልጁ መጀመሪያ ዋናውን ራውተር፣ ቢሮውን ከኢንተርኔት የሚያገናኘውን ዕቃ፣ አጥፍቶ አበራ። ከዚያ የኮምፒውተሮቹ ኬብል ሁሉ የሚሰካበትን ሳጥን፣ ስዊቹን። ባጠፋና ባበራ ቁጥር ጭራሽ ሲሠሩ የነበሩትም መቆም ጀመሩ። ቀጥሎ ወደ አገልግሎት ሰጪው ደወለ። መስመሩ ደህና ነው ተባለ። አንድ ሰዓት ሄደ። ላብ በላብ ሆነ፤ በዚያ ብርድ።

በመጨረሻ ኃላፊው በከተማው ኬብል በመዘርጋት የሚታወቅ አንድ ጎልማሳ አስጠሩ። ሰርተፍኬት የሚባል ነገር የለውም። ያሉት ፒንሳ፣ መሰላልና አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ናቸው። ሰውዬው ምንም አላጠፋም፣ ምንም አላበራም። ከሚሠራውና ከማይሠራው አንዳንድ ኮምፒውተር መርጦ ጥቁሩን መስኮት ከፈተና አይፒኮንፊግ ብሎ ጻፈ፤ የኮምፒውተሩን የኔትወርክ አድራሻ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው። የሚሠራው አድራሻ 192.168.10 ብሎ ይጀምራል። የማይሠራው 192.168.0 ብሎ ይጀምራል። ቀና አለና ለቢሮው ሁሉ ጥያቄ ጣለ።

«ከትናንት ወዲህ እዚህ ቤት ምን አዲስ ዕቃ ገባ?»

ዝም።

«ዋይፋይ የገዛ የለም?»

አንዲት ሠራተኛ ፈራ ተባ እያለች እጇን አወጣች። የስልኳ ዳታ ስለሚቆራረጥባት ከመርካቶ ያስመጣችውን ትንሽ ራውተር ጠረጴዛዋ ሥር ሰክታዋለች። የሰካችው ግን በተሳሳተው ቀዳዳ ነው። ኮምፒውተር ሲነሣ «አድራሻ ስጡኝ» ብሎ ይጮሃል። ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል። የሴትዮዋ ራውተርም የቢሮውን ኮምፒውተሮች እንደ ቤት ልጆቹ ቆጥሮ አድራሻ ሲያድል ነበር። ከእሱ አድራሻ የተቀበለ ሁሉ በሩ ወደማይከፈት መንገድ ሄደ። ልጁ ስዊቹን ባጠፋና ባበራ ቁጥር ደግሞ ሁሉም እንደገና አድራሻ መጠየቅ ስለሚጀምር፣ የሚሳሳቱት በዙ።

ሰውዬው ኬብሉን ነቀለ። አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

ስንወጣ ልጁን ጠየቅኩት። «ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ ምንድነው?» ትንፋሽ ሳይወስድ ዘረዘረልኝ። ባልታመነ ቀዳዳ በኩል የሚመጣ የአድራሻ እደላን ስዊቹ እንዴት እንደሚጥል፣ የትኛው ቀዳዳ «የታመነ» መባል እንዳለበት፣ ሁሉንም። «ፈተናው ላይም መጥቶልኝ ነበር እኮ ጋሼ» አለኝ። «አግኝቼዋለሁ።»

አላመንከውም አትበሉኝ፤ አምኜዋለሁ። ነገሩን የሚገርም ያደረገውም ይኸው ነው። ልጁ አልኮረጀም። ፈተናውም አልዋሸም። ፈተናው የበሽታውን ስም ነግሮ መድኃኒቱን ጠየቀው፣ መለሰ። ቢሮው ግን የሚለው «አመመኝ» ብቻ ነው። የበሽታውን ስም ማግኘት ራሱ ሥራው ነበር።

መስመሩን ማን አሰመረው?

ማለፊያ ነጥብ ከሰማይ የወረደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ኮምፕቲያ የተባለው ድርጅት ለኔትወርክ ፕላስ ፈተናው ማለፊያውን 720 ብሎ በይፋ አውጥቷል። መለኪያው ከ100 እስከ 900 ነው። ቢበዛ 90 ጥያቄ፣ 90 ደቂቃ። ታዲያ ብዙዎች 720ን ለ900 ያካፍሉና «80 በመቶ ነው» ይላሉ። አይደለም። መለኪያው ከዜሮ አይነሣም። ምንም ያልመለሰ ሰውም 100 ተጽፎለት ይወጣል። ነጥቡም የመለስካቸው ጥያቄዎች ብዛት ሳይሆን የተመዘነ ቁጥር ነው።

ለምን ይመዘናል? ፈተናው አንድ ቅጂ ብቻ ስላልሆነ ነው። ዛሬ የተፈተነና የዛሬ ወር የሚፈተን ሰው አንድ ዓይነት ጥያቄ አይደርሳቸውም። አንዱ ቅጂ ትንሽ ይከብዳል፣ ሌላው ይቀላል። በጣርማ በር ዳገት የተሮጠ አንድ ኪሎ ሜትርና በሸዋ ሮቢት ሜዳ የተሮጠ አንድ ኪሎ ሜትር በሰዓት ብቻ አይወዳደሩም። ምዘናው ዳገቱን ከሜዳው ጋር ለማስተካከል ነው።

ሲስኮ ደግሞ የሲሲኤንኤን ማለፊያ ጭራሽ አይናገርም። በስታቲስቲክስ ይወሰናል፣ ሊለዋወጥም ይችላል፣ ይላል፤ በቃ። ደብረ ብርሃን ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ይዞ የሚያጠና ተማሪ ግን ሁሉም «825» ይልሃል። ከየት አመጣኸው ስትለው «ይባላላ!» ነው መልሱ።

መስመሩ የሚሰመርበት መንገድ ግን ምስጢር አይደለም። በሙያ ፈተናዎች ዘንድ በስፋት የሚሠራበት አንድ ዘዴ አለ። እ.ኤ.አ. በ1971 ሐሳቡን በጻፈው በአሜሪካዊው ዊልያም አንጎፍ ስም ይጠራል። የመስኩ ባለሙያዎች ይሰበሰባሉ። አንድ ሰው በሐሳባቸው ይሥላሉ። ጎበዝ የሚባል አይደለም። ሰነፍም አይደለም። ለሥራው ለጥቂት የሚበቃ ሰው ነው። ከዚያ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ «እንዲህ ዓይነት 100 ሰዎች ቢቀመጡ ስንቱ ይመልሱታል?» ብለው ይገምታሉ። አንዱ 80 ይላል፣ ሌላው 65። ግምቱ ይሰበሰባል፣ አማካዩ ይወጣል፣ መስመሩ እዚያ ላይ ይሰመራል።

ልብ በሉ። መስመሩ የተሰመረው ለጥቂት በሚበቃው ሰው ልክ ነው። «ከዚህ በታች ያለውን አታስገቡ» ለማለት የቆመ አጥር ነው። እኛ አገር የሥራ ማስታወቂያው ላይ ሲደርስ ግን አጥሩ ዙፋን ይሆናል። ያለፈ ሁሉ ኢንጂነር ነው። ያላለፈ ደግሞ ማመልከቻው ሳይነበብ ይመለሳል።

አንድ ትንሽ ስሌት

ሒሳብ የማይወድ ሰው ይህችን ክፍል ይዝለላት፤ አልቀየምም።

100 ጥያቄ አለ እንበል። ለእያንዳንዱ አራት ምርጫ። የማታውቀውን በግምት ብትመታ ከአራት አንዱን ታገኛለህ። ማለፊያው 70 ከሆነ ስንት ማወቅ አለብህ? 60። የቀሩት 40 ላይ በግምት 10 ታገኛለህ፣ 70 ሞላ። ማለፊያው 50 ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ከመቶው 33 ወይም 34 የሚያውቅ ሰው በአማካይ 50 ይደርሳል። አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎቻችን የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ማለፊያው 50 በመቶ መሆኑን እዚህ ላይ አስታውሱ። ፈተናው አይረባም እያልኩ አይደለም። 50 ያመጣ ሰው ግማሹን ያውቃል የሚለው ግን ሒሳቡ አይደግፈውም።

በእርግጥ የኔትወርክ ፈተናዎች ከዚህ ይራቀቃሉ። ሁለት ወይም ሦስት መልስ ምረጥ የሚሉ አሉ፣ አዛምድ የሚሉ አሉ፣ ትእዛዝ አስጽፈው የሚያሠሩም አሉ። ሲሲኤንኤ ላይ ያለፍከው ጥያቄ ላይ ተመልሰህ መልስ መቀየር አትችልም። 120 ደቂቃው ሲሮጥ ይህ ራሱ ልብ ያስደነግጣል። ግምት በዚህ ሁሉ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

አሁን አጤሬራውን ጨምሩበት። ተማሪ ቤት እያለን ሱሪ ኪስ ውስጥ የምንደብቃት ቁራጭ ወረቀት አድጋ ዳምፕ ተብላለች። ሌሎች ተፈትነው የወጡት ሰዎች ያስታወሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ናቸው። በቴሌግራም ይዞራሉ፣ በፍላሽ ይዞራሉ። ማለፊያው 80 ቢሆንና ከመቶው 60 ጥያቄ ቀድሞ የሸመደደ ሰው፣ ከቀሩት 40 አንድ ሦስተኛውን ብቻ ማወቅ ይበቃዋል፤ ሌላውን ግምት ይሞላለታል። ፈተና አውጪዎቹ ይህን ያውቃሉ። በዳምፕ የተያዘ ውጤቱ ይሰረዛል፣ ዳግም እንዳይፈተንም ሊታገድ ይችላል። እዚህ የተያዘ ሰው ግን እኔ አላጋጠመኝም።

እንዲያው ለነገሩ፣ ልጆቹን ብቻ መውቀስ አልፈልግም። የሲሲኤንኤ መፈተኛ 300 ዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ስለነበር 17 ሺህ ብር ያህል ይሆናል። የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ አንድ ዶላር ከ100 ብር አለፈ። ስለዚህ ያው ፈተና ከ30 ሺህ ብር በላይ ሆነ። ጥያቄው አልጨመረም፣ ወረቀቱም አልሰፋም። ዶላር ከየት ይምጣ የሚለው ሌላ ራስ ምታት ነው። ላይ ደግሞ የ130 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። ቤቴ ሆኜ በካሜራ ልፈተን ያለ ሰው መብራትና ኢንተርኔት ለሁለት ሰዓት እንዳይሄዱበት ይሳላል። ብትወድቅ ብሩ አይመለስም፤ ድጋሚ መክፈል ነው።

እንግዲህ አባቱ በግ ሸጦ የከፈለለት የመንዝ ልጅ ምን ያደርጋል? ለማወቅ ሳይሆን ላለመውደቅ ያጠናል። እነዚህ ሁለቱ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ። ለማወቅ የሚያጠና ኬብል ነቅሎ ምን እንደሚሆን ያያል፣ ይሳሳታል፣ ቀኑን ያቃጥላል። ላለመውደቅ የሚያጠና ቀን ማቃጠል አይችልም። ዳምፑን ይከፍታል።

ንባብ፣ ቅኔ፣ ትርጓሜ

የእኛ ሰው ይህን ልዩነት ከኮምፒውተር በፊት ያውቀው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንባብ ቤት፣ ቅኔ ቤት፣ መጻሕፍት ቤት እያለ የተከፈለው በከንቱ አይደለም። ዳዊት የደገመ ልጅ ዳዊት ያነባል። መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሳይደናቀፍ ይወጣዋል። ግእዙ ምን እንዳለ ብትጠይቀው ግን ላያውቅ ይችላል፤ ማንም አይፈርድበትም፣ ንባብ ቤት ነዋ። ትርጓሜ ሌላ ቤት ነው። ችግር የሚመጣው ንባብ የጨረሰውን መጻሕፍት ቤት ወንበር ላይ ስናስቀምጠው ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቅኔ ቤት ነው። ቅኔ ዳምፕ የለውም። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ብትደግመው፣ የሌላውን የራስህ ብታስመስለው፣ መሳቂያ ትሆናለህ። በየጊዜው አዲስ መፍጠር አለብህ፣ ያውም መምህሩ ፊት ቆመህ። ሰዋስውን መሸምደድ ይቻላል፤ ያለ እሱም አይሆንም። ቅኔው ግን ከሽምደዳው በኋላ ነው የሚመጣው።

በኔትወርኩ ዓለም ወደዚህ የሚቀርበው የሲስኮው ሲሲአይኢ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ይሰጣል። የተግባር ፈተናው ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ኔትወርክ ትነድፋለህ፣ ትዘረጋለህ፣ የተበላሸ ፈልገህ ታስተካክላለህ። ዳምፕ እዚህም አልጠፋም ይባላል፤ ሆኖም ስምንት ሰዓት ሙሉ እጅህ እየታየ ማስመሰል ከባድ ነው። ዋጋው ግን ከሲሲኤንኤ ብዙ እጥፍ ስለሆነ ለሰሜን ሸዋ ልጅ ወሬው እንጂ ወንበሩ ሩቅ ነው። የቴክኒክና ሙያው የብቃት ምዘና፣ ሲኦሲም፣ የተግባር ክፍል አለው። በሐሳብ ደረጃ ከአራት ምርጫ ይሻላል።

ሲሲኤንኤ ውስጥ ያለ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ፈተናው ስድስት ዘርፍ አለው። የኔትወርክ መሠረት 20 በመቶ፣ የስዊችና ዋይፋይ ክፍሉ 20፣ የአይፒ መንገድ 25፣ የአይፒ አገልግሎቶች 10፣ ደኅንነት 15፣ አውቶሜሽን 10። ነጥቡ ግን ተጠቅልሎ አንድ ቁጥር ይሆናል። በአንዱ የጎደለህን በሌላው ትሞላለህ። አገልግሎቶቹ ላይ ደካማ የሆነ ሰው በአይፒ መንገድ ተክሶ ያልፋል። የውጤት ወረቀቱ በየዘርፉ ስንት በመቶ እንዳገኘ ያሳያል። ሰርተፍኬቱ አያሳይም። ቀጣሪ ሁሉ ሰርተፍኬቱን ፎቶ ኮፒ ያስደርጋል። የውጤት ወረቀቱን የጠየቀ አንድም አላየሁም።

ሰውዬውም ተያዘ

እስካሁን ያነበበ ሰው ኬብል ዘርጊውን ጀግና አድርጌ ሰርተፍኬትን ላጣጥል የመጣሁ ሊመስለው ይችላል። ታሪኩ ግን በዚያ አላለቀም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያው ቢሮ እንደገና ቆመ። ሌላ ሠራተኛ፣ ሌላ ራውተር። ሰውዬው መጣ፣ ፈለገ፣ ነቀለ። ከአሥር ቀን በኋላ ሦስተኛ ጊዜ። ሰውዬው መንቀል ይችላል። እንዳይደገም ማድረግ ግን አልመጣለትም፤ ስዊቹ ራሱ ያንን መከልከል እንደሚችል ሰምቶ አያውቅምና። በዚህ በሦስተኛው ጊዜ የሰፈሬ ልጅ ለኃላፊው አንድ ነገር ጠየቀ። «ስዊቹ የሚታዘዝ ዓይነት ነው?» ነበር። ገባና ያንኑ ፈተናው ላይ ያገኘውን ስኑፒንግ አበራው። ወደ ዋናው ራውተር የሚሄደውን ቀዳዳ ብቻ የታመነ አደረገ። ሙከራ ብለን የሴትዮዋን ራውተር መልሰን ሰካን። ምንም። ቢሮው ሥራውን ቀጠለ።

ኬብል ዘርጊው ከኋላ ቆሞ ያይ ነበር። «ይሄን ነገር አሳየኝ እስቲ» አለ።

ስለዚህ ሰርተፍኬቱ ባዶ አልነበረም። ልጁ ውስጥ የተቀመጠው እውቀት እውነተኛ ነው፤ ስሙን እንጂ መልኩን አያውቀውም ነበር። አንድ ጊዜ ዓይኑ ላይ ሲመጣ ግን ማንም ያላሰበውን መፍትሔ አወጣ። ሰውዬው ደግሞ መልኩን ያውቀዋል፣ ስሙን አያውቅም። ስሙን የማያውቁት ነገር መጽሐፍ ውስጥም አይፈለግም።

የቀጣሪዎች ነገር የሚያናድደኝ እዚህ ላይ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለባት፣ ዩኒቨርሲቲ ያለባት፣ ፋብሪካ በፋብሪካ እየሆነች ያለች ከተማ ናት። ኔትወርክ የሚያስተዳድር ሰው በየቦታው ይፈለጋል። ማስታወቂያው ግን «ሲሲኤንኤ ያለው ይመረጣል» ይልና ያበቃል። ቃለ መጠይቁ ላይ ደግሞ «ኦኤስአይ ስንት ሌየር አለው?» ይባላል፤ የኔትወርክን ሥራ በደረጃ የሚከፍለው የመማሪያ መጽሐፍ ሞዴል ማለት ነው። ሰባት። በቃ፣ ተቀጠረ! ይህ እኮ ሁለተኛ ዙር ዳምፕ ነው።

ግማሽ ሰዓት ይበቃ ነበር። ሁለት አሮጌ ስዊች፣ አንድ ራውተር፣ ሦስት ላፕቶፕ። ዕቃ ከሌለ ፓኬት ትሬሰር አለ፤ ሲስኮ በነፃ የሚሰጠው የማለማመጃ ፕሮግራም ነው። የሚሠራ ኔትወርክ አዘጋጅና አንድ ነገር አበላሽበት። የአንዱን ኮምፒውተር መውጫ አድራሻ አሳስተው። ወይም አንዱን ቀዳዳ ሌላ ቪላን ውስጥ፣ ማለትም በዚያው ስዊች ላይ ለብቻው በተከለለ ኔትወርክ ውስጥ፣ ክተተው። ወይም የኬብሉን አንዱን ጫፍ ፉል ዱፕሌክስ (እየላከ የሚቀበል)፣ ሌላውን ሃፍ (በተራ የሚልክና የሚቀበል) አድርገው፤ ይህኛው ተንኮል ነው፣ ፒንግ የሚባለው «አለህ ወይ?» መጠየቂያ ደህና ይመልሳል፣ ትልቅ ፋይል ስትልክ ግን ያንቀራፍፋል። ከዚያ አመልካቹን አስገባና «ኢንተርኔት እምቢ ብሏል» ብቻ በለው። ሌላ አትናገር። መፍትሔውን ማግኘቱ ብቻ አይደለም የሚታየው። መጀመሪያ ምን ነካ? ጠየቀ ወይስ አጠፋ? ሁለት ነገር አወዳደረ? ካስተካከለ በኋላ መሥራቱን አረጋገጠ? እነዚህን 720ም 825ም አይነግሩህም።

ለተማሪዎቹ ደግሞ የሰፈሬ ልጅ የጀመረው ነገር አለ። ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ሻጭ ሁለት አሮጌ ስዊችና አንድ ራውተር ገዝቶ ጠባሴ ባለው ቤታቸው ጓዳ ውስጥ ደርድሯል። እናቱ «ይሄ ብረት ያሞቃል፣ ለብርዱ ጥሩ ነው» ብለው ፈቅደውለታል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ኬብል ዘርጊው በተራ እየሄድን አንድ ነገር እናበላሽበታለን። እሱ ውጭ ይቆያል። ስንጨርስ ይገባል።

መጀመሪያ ሰሞን ገብቶ ማጥፋትና ማብራት ነበር ሥራው። አሁን ቁጭ ብሎ ያያል። ባለፈው ቅዳሜ የእኔ ተራ ነበር። ስወጣ በር ላይ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ኬብል ነው የነካኸው ወይስ ኮንፊግ?»

«ኢንተርኔት እምቢ ብሏል» አልኩትና ወደ እናቱ ቡና ሄድኩ። አቦሉን ጠጣን። ቶናውም መጣ። በረካው ሊቀዳ ሲል ከጓዳ አንድ ጩኸት ሰማን።